የተሰበረውን ሲኒ እኔ ጠረግኩት

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ስናፈላ አንድ ሲኒ ከረከቦቱ ላይ ወድቆ ተሰበረ። እናቴ እንደ ልማዷ እኔን ወደ ጓዳ ልካ መጥረጊያ ልታነሣ ተነሣች። "ተይው እማዬ፣ እኔ እጠርገዋለሁ" አልኳት። ጠረግኩት። ስብርባሪው ሲሚንቶው ላይ ሲንሿሿ ልቤ ድው ድው አለ። ግን እዚያው ሳሎናችን ውስጥ ነበርኩ፣ ሐሳቤ ቤሩት አልሄደም። የሥነ ልቦና ሕክምና (ቴራፒ) ላይ ያላችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የቤሩት ወደብ ሲፈነዳ አሽረፊየ ሰፈር፣ ማዳም ቤት ነበርኩ። 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት የሚባል ሊፈነዳ የሚችል ኬሚካል መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ እንደነበር የሰማነው ኋላ ነው። ከፍንዳታው በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ የሠራሁት ሥራ መስታወት መጥረግ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይጠርግ ነበር። ሀገሬ ስገባ ያ የሚጠረግ መስታወት ድምፅ አብሮኝ ገባ።

ቴራፒ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹ ወራት እንቅልፍ ማስተካከልና ቀጠሮ ማክበር ነበሩ፣ ብዙ የሚወራ የለውም። አንድ ነገር ብቻ ልናገር። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ልዘረግፈው ስል አማካሪዬ አስቆመችኝ። "ዛሬ በሩ የት እንዳለና ሲከብድሽ መውጣት እንደምትችይ ብቻ ነው የምንለማመደው" አለችኝ። ያኔ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ግን ልክ ነበረች እላለሁ። ከእሷ በፊት የሄድኩበት ቦታ በአንድ ቁጭታ ሙሉ ታሪኬን አስወርተውኝ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ስለዚህ "ተናገሪው፣ ይቀልሻል" የሚለውን ምክር አልቀበልም። "እርሺው" የሚለውንም አልቀበልም። መጀመሪያ ሰውነት ይረፍ።

ድምፁ ግን አልለቅ አለኝ። ዓይን ጨፍኖ በረጅሙ መተንፈስ የሚባለው ለእኔ አይሆንም፣ ስጨፍን ጭሱ ይመጣል። ዓይኔን ገልጬ ሆነ። ቀጥሎ አምስት የማየው፣ አራት የምዳስሰው፣ ሦስት የምሰማው እያልኩ መቁጠር ሞከርን። የምሰማው ላይ ስደርስ እጨነቃለሁ፣ ምክንያቱም ችግሬ ራሱ መስማት ነው። መስማቱን አወጣንና ማሽተት አስገባን። ከዚያ ወዲህ ቦርሳዬ ውስጥ ጤና አዳም አይጠፋም። ታክሲ ውስጥም ቢሆን በጣቴ አሸት አድርጌ አሸተዋለሁ። ማዳም ቤት ጤና አዳም አልነበረም። ይህ ሽታ የእናቴ ጓሮ ነው። ከሞከርኩት ሁሉ እንደሱ የረዳኝ የለም።

ከዚያ ኢኤምዲአር የሚባል የአስደንጋጭ ትዝታ ሕክምና ጀመርን። ፍራንሲን ሻፒሮ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1987 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ዘዴ ነው። የቴራፒስቷን ጣት ቀኝና ግራ በዓይን እየተከተሉ ትዝታውን ማሰብ ነው። እኔን አዞረኝ። በምትኩ አማካሪዬ የቢራቢሮ እቅፍ አስተማረችኝ። ሁለት እጅን ደረት ላይ አመሳቅሎ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግ። ሜክሲኮ ውስጥ፣ አካፑልኮ፣ ከአውሎ ነፋስ ከተረፉ ሰዎች ጋር ሲሠራ የተገኘ ነው። ለመረጋጋት ቤትም አደርገዋለሁ። ትዝታውን ግን ብቻችሁን አትክፈቱት። እኔ አንድ ሌሊት ዩቲዩብ እያየሁ ብቻዬን ሞክሬ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ነጋብኝ።

በየቀጠሮው "ትዝታው የሚያስጨንቅሽ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?" ትለኛለች። 8። አንዳንዴ 6 ይሆንና በሚቀጥለው ተመልሶ 8። ወራት እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን "ስትጠርጊ ምን ታስቢ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

ለማንም ያልነገርኩት እሱን ነበር። ፊት ለፊት ሕንፃ ላይ የምትሠራ የሀገሬ ልጅ ነበረች። ከበረንዳ በረንዳ ነበር የምናወራው። መጀመሪያ ጭሱ ሲነሣ "ነይ ውጪ፣ እዪ!" ብዬ የጠራኋት እኔ ነኝ። ወዲያው ማዳም ጠራችኝና ወደ ውስጥ ገባሁ። እሷ በረንዳው ላይ ቀረች። ነፍሷ ተርፋለች። አንድ ዓይኗ ግን ጠፋ።

ይህን ከተናገርኩ በኋላ ሦስት ቀጠሮ ቀረሁ። አሞኛል ብዬ ዋሸሁ። ስመለስ አልተቆጣችኝም። "በሩ የት እንዳለ አውቀሻል ማለት ነው" አለችኝ። ከዚያ ጀምሮ የምንሠራው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ በዚያች ደቂቃ ምን ታውቂ ነበር? ጭስ። ጭስ ብቻ ነው የማውቀው። ይህን ደግሜ ደግሜ፣ ደረቴን መታ መታ እያደረግኩ ስናገር ቁጥሩ ወደ 5፣ ቀጥሎም ወደ 3 ወረደ። አሁንም 3 ነው። እስከዚያ ድረስ ችግሬ ድምፁ ይመስለኝ ነበር።

ጸበልም እሄዳለሁ። አማካሪዬ አቁሚ ብላኝ አታውቅም። አቁሚ የምትላችሁ ካለች ሌላ ፈልጉ። ጸበል ቦታም ቴራፒውን ተዪው የሚላችሁ ካለ እሱንም አትስሙ። ክፍያው ስለከበደኝ በየሳምንቱ የነበረውን በየአሥራ አምስት ቀኑ አድርገነዋል። አፍሬ ሳልነግራት ብዙ ቆየሁ እንጂ፣ ገና ስጠይቃት ነው እሺ ያለችኝ። እናንተም ጠይቁ።

የቀጣዩ ቀጠሮ የቤት ሥራዬ ስልኬ ላይ ነው። ያቺ ልጅ የላከችልኝ የድምፅ መልእክት አለ፣ አርባ ሰከንድ። ከፍቼ "አንቺ ልጅ፣ ጠፋሽ እኮ" የሚለውን ሰምቼ ዘጋሁት። ሐሙስ ጤና አዳሜን ይዤ፣ አማካሪዬ ፊት፣ የቀረውን እሰማዋለሁ።