ከመቃብር የመጣ ደብዳቤ

ደብሊን ከማታ ፈረቃ ስወጣ፣ አውቶቡስ የምጠብቀው በግላስኔቪን መካነ መቃብር አጥር ሥር ነው። እዚያ ስላረፈው ስለ ጆን ዴቮይ የነገሩኝ አብረውኝ የሚሠሩ አረጋዊ አየርላንዳዊ ናቸው።

ዴቮይ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ያሉ አየርላንዳውያንን ለአየርላንድ ነፃነት ለሚታገል ማኅበር በምስጢር ይመለምል ነበር። ተይዞ ታሰረ፤ በ1871 አገሩን ለቆ ኒውዮርክ ገባ። ከመለመላቸው ወታደሮች አንዱ ጄምስ ዊልሰን ግን አውስትራሊያ፣ ፍሪማንትል እስር ቤት ቀረ። በ1874 በስውር የወጣ የዊልሰን ደብዳቤ ዴቮይ እጅ ደረሰ፤ «ይህ ከመቃብር የሚሰማ ድምፅ መሆኑን አስታውስ» ይላል።

ዴቮይ ደብዳቤውን ኪሱ ከትቶ አልተቀመጠም። ያን ሰው ለዚያ ያበቃው እርሱ ነውና። አሜሪካ፣ ባልቲሞር ላይ ለተሰበሰቡት የአየርላንዳውያን ስደተኞች ማኅበር አባላት አነበበላቸው። ስደተኞቹ ገንዘብ አዋጥተው ካታልፓ የተባለች የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ገዙ። በ1876፣ በፋሲካ ማግስት፣ ዊልሰንና አምስት ጓደኞቹ በጀልባ ወደ መርከቧ አመለጡ። አሳዳጆቹ በእንፋሎት መርከብ ተከትለው መድፍ ተኮሱባቸው፤ የካታልፓ ካፒቴን የአሜሪካን ባንዲራ አሳያቸው፤ አሳዳጆቹ ተመለሱ። ነሐሴ ላይ ስድስቱም ኒውዮርክ ገቡ።

ሽማግሌው ይህን ሲያወሩኝ፣ ስልኬ ላይ መልስ ያልሰጠሁት የድምፅ መልእክት ነበር። ከካርቱም አብረን ወጥተን ሊቢያ ላይ የተለያየን ጓደኛዬ የላከው ነው። እንሂድ ብዬ የወተወትኩት እኔ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው፤ መጨረሻው ላይ የብረት በር ሲዘጋ ይሰማል። ገንዘብ አልጠየቀኝም። «ወንድሜ፣ እናቴ ዘንድ ደውልልኝ፤ ደህና ነው በላት» ነው ያለኝ። ምን ብዬ እዋሻቸዋለሁ እያልኩ ዐሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ።

በዚያን ሌሊት አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ አልተሳፈርኩም። አዲስ አበባ ሲነጋ አጥሩን ተደግፌ ደወልኩ።

«ድምፁ ደርሶኛል፣ እማማ» አልኳቸው፤ «ደህና ነው ብዬ እንድነግርዎት ነው የላከኝ።»

ዝም አሉ። «አንተ ምን ትላለህ?»

«እስር ቤት ነው ያለው።»

ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል። ቆይተው፣ «ልስማው» አሉኝ። ላክሁላቸው። ስልኩን ሳይዘጉ በሌላ ስልክ ከፍተው ሲያዳምጡ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።

«ጉንፋን ይዞታል» አሉ።