የዱር ካሜራ ለመንዝ ደጋና ለሸዋ ሮቢት ቆላ

ስለ ዱር ካሜራ፣ ማለትም እንስሳ በፊቱ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ ስለሚያነሣው ካሜራ፣ ምክር የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚጀምረው «ስንት ሜጋፒክስል ያለውን ልግዛ?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው መሬቱ ደጋ ነው ወይስ ቆላ የሚለውን ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከመንዝ ጓሳ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወደሚገኘው ወደ ሸዋ ሮቢት መውረድ ይቻላል፤ ጋቢ የሚያስደርበው ብርድና ሸሚዝ የሚያስወልቀው ሙቀት የሚገኙት በአንድ ዞን ውስጥ ነው። በአንዱ ቦታ ባለቤቱን ያስደሰተ ካሜራ በሌላው ቦታ የሚያሳፍረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ካሜራውን የሚቀሰቅሰው ሴንሰር እንስሳውን አያይም፤ የሚያውቀው ከኋላው ካለው መሬትና ሣር የተለየ ሙቀት በፊቱ ሲንቀሳቀስ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ በሚወርድበት የመንዝ ሌሊት የጅብ ገላ ከቀዘቀዘው መሬት ተለይቶ ስለሚታወቅ ካሜራው ከሩቁ ይነሣል። ቆላ ላይ ግን በበጋው ከሰዓት በኋላ አየሩና ድንጋዩ ወደ እንስሳው የገላ ሙቀት ስለሚጠጉ፣ ከርከሮ በቅርብ ቢያልፍ እንኳ ሴንሰሩ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ቆላ ላይ የሴንሰሩን ንቃት ወደ ከፍተኛው አድርጎ ካሜራውን ወደ መተላለፊያው ማስጠጋት፣ ደጋ ላይ ደግሞ ንቃቱን ዝቅ ማድረግ ይበጃል። ደጋው ላይ ይህን ቸል ያለ ሰው ፀሐይ ያሞቀውና ነፋስ የሚያወዛውዘው የጓሳ ሣር ሚሞሪ ካርዱን በባዶ ፎቶ ይሞላበታል።

ወደ ሜጋፒክስሉ ስንመለስ፣ በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር ብዙ ጊዜ ካሜራው ያላየውን ነጥብ በግምት እየሞላ የሚያሳድገው ነው። ከዚያ ይልቅ ከተቀሰቀሰ በኋላ ፎቶውን በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚያነሣ ይጠየቅ፤ ከግማሽ ሰከንድ በላይ የሚዘገይ ካሜራ ከተኩላው ጭራውን ብቻ ይዞ ይቀራል። የሌሊቱ መብራትም ዓይነት አለው። በብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 850 ናኖሜትር የሚባለው ሩቅ ያበራል፣ ነገር ግን አምፖሎቹ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሆነው ይታያሉ፤ 940 የሚባለው ለሰው ዓይን አይታይም፣ የሚያበራው ርቀት ግን አጭር ነው። ለተገለጠው የደጋ ሜዳ የመጀመሪያውን፣ ለማሽላ እርሻ ዳርና ሰው ለሚበዛበት ቦታ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሌባም ቀዩን ብርሃን ያያልና።

በባትሪ ድንጋይ ላይ መቆጠብ አይገባም። ተራው አልካላይን በብርድ ቶሎ ይደክማል፣ ቻርጅ የሚደረገው ደግሞ ቮልቴጁ ከመነሻው 1.2 ስለሆነ አንዳንዱ ካሜራ ገና ሳይሠራ «አልቋል» ይለዋል። ውርጩን የሚችለው ቻርጅ የማይደረገው ሊቲየም ነው።

ጓሳ ላይ ካሜራ የሚታሰርበት ዛፍ እንደ ልብ አይገኝም። ጅብራ አለ፣ ነገር ግን ውብ ተክል ነውና በገመድ አላንቀውም። የሚሻለው ካብ ነው፤ ድንጋዩን ለካሜራው የሚበቃ ያህል ከፍቶ፣ ከኋላና ከጎን ደግፎ፣ መነጽሩንና ሴንሰሩን ብቻ ማስወጣት። ከፍታው ከጉልበት ብዙ ካለፈ ተኩላና ጥንቸል ከሥር ያልፋሉ። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ከሆነ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ያሳውረዋል፤ እኛ ግን ወደ 10 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆንን የቀትር ፀሐይ ከአናት ነው፣ ሰሜንም ሆነ ደቡብ ያስኬዳል። መተላለፊያውን በቀጥታ ከማቋረጥ ይልቅ ወደ ጎን አዘንብሎ ማየቱ እንስሳው በካሜራው ፊት የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝማል። ካሜራው መቀስቀሱን ለማየት በፊቱ እያለፈ የሚሞክረው ሰው ጋቢ ተከናንቦ ባይሆን ይሻላል፤ ጋቢው የገላውን ሙቀት ስለሚሸፍን ሴንሰሩ የሚያገኘው ፊትና እግሩን ብቻ ነው።

ሰዓቱን ሲያስተካክሉ ካሜራው 03:00 ብሎ የሚጽፈው የእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ አይረሳ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግልገል በጠፋ ማግስት ክርክር ሲነሣ ግን ዋናው ማስረጃ ሰዓቱ ነው። ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው በቀን የሚንቀሳቀስና አይጥ እየያዘ የሚኖር አውሬ ነው፤ ሌሊት በረት ዳር የሚገኘው ፎቶ ብዙ ጊዜ የጅብ ወይም የተኩላ ነው። ለእኔ ካሜራው ከሁሉ በላይ የጠቀመው ያልበላው እንዳይከሰስ በማድረጉ ነው። አሥር የጅብ ፎቶ አሥር ጅብ ማለት አለመሆኑንም ለጎረቤት ማስረዳት ያስፈልጋል፤ የእያንዳንዱ ጅብ ነጠብጣብ የተለያየ ስለሆነ አንድ ጎኑ በግልጽ ከታየ ማነጻጸር ይቻላል።

ካሜራ የአደን ፈቃድ አይደለም። የዱር እንስሳት ጉዳይ በአዋጅ የሚመራ ነው፣ ያለ ፈቃድ ማደንም ክልክል ነው። ከመንግሥት ሕግ በፊትም ቢሆን ጓሳ ባለቤት አለው፦ ኅብረተሰቡ ሣሩን ቄሮ በሚባለው የአካባቢው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለብዙ ትውልድ ሲዘጋና ሲከፍት የኖረበት መሬት ስለሆነ፣ ሽማግሌዎችንና ጠባቂዎችን ሳያስፈቅዱ አንድም ካሜራ መትከል ነውር ነው። በራስ እርሻ ላይም ቢሆን ሴቶች ውኃ የሚቀዱበትን መንገድ የሚያይ ካሜራ አይተከል፤ እረኞቹም ምን እንደሆነ ተነግሯቸው የራሳቸውን ፎቶ ቢያዩ ከሰባሪነት ወደ ጠባቂነት ይመጣሉ።

በክረምት የደጋውን ካሜራ ነቅዬ አስገባለሁ። ጉሙ የሌሊቱን መብራት መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ፎቶው ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ እርጥበቱም በክዳኑ ጎማ በኩል ይገባል። እዚያው እንዲከርም የግድ ከሆነ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ከባትሪው አጠገብ መክተትና ጎማውን በንጹሕ ጨርቅ እየጠረጉ መዝጋት ያስፈልጋል።