ከፍሬው ይልቅ ቢላዋውን እዩ

ተቆርጦ መንገድ ዳር በሚሸጥ ፍራፍሬ ላይ «መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ተገኘ» ሲባል፣ ብዙ ሰው በውሃ የማይለቅ፣ በሙቀት የማይሞት አዲስ ጀርም የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። አንቲባዮቲክ የተላመደ ኢ. ኮላይ ወይም ሳልሞኔላ (ሁለቱም ተቅማጥ ሊያመጡ የሚችሉ ባክቴሪያዎች ናቸው) እንደ ማንኛውም ዘመዱ በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞታል፤ በክሎሪንም ይሞታል። ልዩነቱ የሚታየው ሰው ከታመመ በኋላ የታዘዘለት መድኃኒት አልሠራ ሲል ነው።

ጀርሙ ወደ ፍሬው የሚደርሰው በፍሳሽ በተበከለ የመስኖ ውሃ፣ በደንብ ባልበሰበሰ ፍግ፣ በእጅና በዝንብ ነው። ልጣጩ እስካልተነካ ድረስ አብዛኛው ላዩ ላይ ይቀራል። ያልታጠበ ሐብሐብ ላይ ቢላዋ ሲያርፍ ግን ስለቱ የልጣጩን እድፍ እየጠረገ እስከ መሃል ይዞት ይወርዳል። ቀጥሎ የሚቆረጠው ፓፓያም ከዚያው ቢላዋ ይደርሰዋል። ሐብሐብና ፓፓያ ስኳራቸው ብዙ፣ ኮምጣጣነታቸው ትንሽ (የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች ከ5 በላይ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል) ስለሆነ ለባክቴሪያ ይመቻሉ። አናናስ ኮምጣጣ በመሆኑ እድገቱን ይገታል፤ የገባውን ሁሉ ይገድላል ማለት ግን አይደለም። በሞቃት ቀን 100 ባክቴሪያ በየ45 ደቂቃው እጥፍ ቢሆን፣ በ6 ሰዓት ውስጥ 25,600 ይደርሳል።

ከቢላዋው የሚብሰው ባልዲው ነው። ጠዋት የተቀዳ ውሃ ቀኑን ሙሉ ፍሬ፣ እጅና ቢላዋ ሲታጠብበት ከዋለ፣ የአንዱን ቆሻሻ ለሁሉም ያካፍላል። በረኪና ጠብ ማድረግም ብዙ አይረዳም፤ ጭማቂውና አፈሩ ክሎሪኑን ይጨርሱታል። የደፈረሰ ውሃ ይደፋል እንጂ አይታከምም።

ፍሬውን ሙሉውን ገዝቶ ቤት መቁረጥ ይሻላል። መጀመሪያ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ከዚያ ፍሬውን በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ሥር እያሹ ማጠብ፤ ሸካራ ልጣጭ ያለውን በብሩሽ። ፍሬው ላይ ሳሙና አይደረግም፣ ሰርጎ ይገባል። ተጨማሪ ጥንቃቄ የፈለገ፣ ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ካለው፣ 2 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውሃ በጥብጦ ያልተላጠውን ፍሬ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይንከረውና በንጹሕ ውሃ ያለቅልቀው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ ፀሐይ ላይ የዋለ ማንጎ ወይም ቲማቲም በረዶ ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ ውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር ውሃውን ከነጀርሙ በእንብርቱ በኩል ይስባል። ውሃው ከፍሬው ትንሽ ሞቅ ይበል። የተቆረጠው ፍሬ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀመጥ፤ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ።

ጀርሙ መድኃኒት መላመዱ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ነው። ባክቴሪያው ሳህን ላይ ይቀባል፤ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ይቀመጡበትና በ35 ዲግሪ ያድራል። መድኃኒቱ ከሠራ በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል፤ ካልሠራ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ይበቅላል። ለኢ. ኮላይና ሲፕሮፍሎክሳሲን ለተባለው አንቲባዮቲክ፣ 26 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ቀለበት መድኃኒቱ ይሠራል፣ 21ና ከዚያ በታች አይሠራም ማለት ነው። በነገራችን ላይ «ክሌብሲየላ አምፒሲሊንን ተላምዷል» የሚል ዜና ስታነቡ አትደንግጡ፤ ክሌብሲየላ የተባለውን ባክቴሪያ አምፒሲሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ በተፈጥሮው አይነካውም። ሊያሳስብ የሚገባው ሴፍትሪያክሶንን ወይም ሜሮፔነምን የመሰሉ ጠንካራ አንቲባዮቲኮችን ሲቋቋም ነው።

የማያሳምም ባክቴሪያም ቢሆን በቸልታ አይታለፍም። የመላመዱ ጂን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፕላዝሚድ በሚባል ቀለበት መሰል ዲኤንኤ ላይ ስለሆነ፣ አንጀት ውስጥ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። ሰውየው ምንም ሳይሰማው ጂኑ አንጀቱ ውስጥ ይቀመጥና፣ በሌላ ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲይዘው ይገለጣል።

ተቅማጥ ከያዘ፣ ከመሳቢያ የተረፈ አንቲባዮቲክ አይዋጥ፤ አብዛኛው በኦ.አር.ኤስ. (በውሃ ተበጥብጦ በሚጠጣው የጨውና የስኳር ዱቄት) ይታለፋል። ደም የተቀላቀለበት ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ያለው ከሆነ ሐኪም ጋር መሄድ ነው፤ የሰገራው ናሙና ለካልቸር (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ ለመለየት) የሚሰጠውም፣ የሚቻል ከሆነ፣ የመጀመሪያው ክኒን ከመዋጡ በፊት ነው።