ያቺ ብርቱካን

መጋቢት ላይ ነው። የእርግዝናዬን ዘጠነኛ ሳምንት ይዣለሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ቤታችን። ሌሊት ለሽንት ስነሳ ደም አየሁ። ሲነጋ አልትራሳውንድ ያነሳኝ ሐኪም ስክሪኑን ወደ ራሱ አዞረና ዝም አለ። ገባኝ።

ጎረቤቶቼ አጥሚት ይዘውልኝ መጡ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ጥያቄውም አብሮ መጣ። «እየጾምሽ ነበር እንዴ ልጄ?» «አምሮሽ ሳትበዪው የቀረ ነገር አለ?»

ነበር። አንድ ማታ ሳሪስ ታክሲ ስጠብቅ ብርቱካን አማረኝ። ዋጋውን ሰምቼ ተውኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያቺን ብርቱካን እያሰብኩ አለቀስኩ።

ለክትትል ስሄድ ለአዋላጇ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እህቴ፣ አምሮት ልጅ አያስወርድም» አለችኝ። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከሚቋረጡት እርግዝናዎች ግማሽ ያህሉ የፅንሱ ክሮሞዞም፣ ማለትም ዘረ መሉን የሚይዘው ክፍል፣ ከጅምሩ ስለሚዛባ ነው። ያንን ብርቱካንም ክትፎም አያስተካክለውም። ምነው ይህን ቀድሞ የነገረኝ በኖረ!

ምግብ ዋጋ የለውም ማለቷ ግን አልነበረም። ልጅ ካሰብሽ፣ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን የቫይታሚን ክኒን በቀን 400 ማይክሮግራም ከማርገዝሽ በፊት ጀምሪ አለችኝ። የልጁ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። እኔ ማርገዜን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስንቶቻችን ቀድመን እናውቃለን? ክኒኑ ውርጃ ያስቀራል ብላ ግን አልሸነገለችኝም።

ቀጥላ ስለ ጎመኔ ጠየቀችኝ። ቀቅዬ፣ አረንጓዴውን ውሃ ደፍቼ፣ ጨምቄ ነው የምሠራው። እናቴም እንደዚያው ነበር የምትሠራው። ለካ ፎሌቱ፣ ጎመኑ ውስጥ ያለው ያው ቫይታሚን፣ ከውሃው ጋር ነው የሚሄደው። አሁን ሽንኩርቱ ላይ ጥሬውን ከትፌ እጨምራለሁ፣ እከድነዋለሁ፣ በራሱ ውሃ ይበስላል። ቅጠሉ ሳይጠቁር አወርደዋለሁ።

ቡናውም ተስተካከለ። እኛ ቤት ምሳ ሳይነሳ ነበር ጀበናው የሚጣደው። ቡና ደግሞ ከምስሩና ከጤፉ የምናገኘውን አይረን ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋል። አሁን ሁለት ሰዓት ያህል እቆያለሁ። አቦል እጠጣለሁ፤ ቶናና በረካ ለእንግዳ ነው። ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቴ ጋር ተነጋገርኩ። ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጪ ካለው ምግባችን ቢ12 የሚባለውን ቫይታሚን እንደማላገኝ ስነግራቸው፣ «ነፍሰ ጡር አትገደድም» አሉኝ።

ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ አዲስ ሙሽራ ገብታለች። ቅዳሜ ቡና ጠራኋትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ደሙንም፣ ብርቱካኗንም። ዝም ብላ ሰማችኝ። ሰኞ ጠዋት በሬን አንኳኳች። ነጠላዋን ለብሳ፣ «እትዬ፣ ያ ክኒን የሚሰጥበት ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ?» አለችኝ።