የእንዶድ አረፋ

ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የሄድኩት ሐይቁንና የእስጢፋኖስን ገዳም ለማየት ነበር። ከሁሉም በላይ ልቤን የወሰደው ግን በጓደኛዬ እናት ደጅ ሰሌን ላይ የተሰጣው እንዶድ ነው።

እንዶድ አጥርና ዛፍ ላይ የሚንጠላጠል፣ ፍሬው ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን ሀረግ ነው። ፍሬው አይበላም፣ መርዝ ነው። ዘለላው ሲበስል ይቀላል፤ እማማ ግን የሚለቅሙት ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። «ከቀላ አረፋው ይቀንሳል» አሉኝ።

ሙቀጫውን ተቀብዬ ልወቅጥላቸው ተቀመጥኩ። አፍና አፍንጫዬን በነጠላ ሸፈኑልኝ። ቢሆንም ብናኙ ገብቶ አስነጠሰኝ፣ ዓይኔንም አቃጠለኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ ይለቅሻል» እያሉ ፊቴን አስታጠቡኝ።

ዱቄቱን ገበቴ ውስጥ በውሃ ሲበጠብጡት አረፋው ግጥም አለ። ጋቢውን ዘፈዘፉት፣ ቆይተው በእግራቸው ረገጡት። ኦሞ ቤታቸው አለ። ለጋቢና ለነጠላ ግን እንዶድን የሚያህል የለም ባይ ናቸው፤ ጥጡን አያሻክረውም። ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እኔም አየሁት፤ ንጣቱ ዓይን ይወጋል።

እጣቢውን ወደ ወንዝ አይደፉትም። «ዓሣ ይፈጃል» አሉ።

ይቺን ሲሉኝ ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ ትዝ አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቢልሃርዚያ የተባለው በሽታ የሚተላለፈው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው። ከዚያ የዓመታት ምርምር ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ይገባቸዋል። ግን ስማቸው በተነሳ ቁጥር ወንዝ ዳር ልብስ ያጥቡ የነበሩት ሴቶችም አብረው ቢነሱ ደስ ይለኛል። እንዶዱን ለቅመው፣ አድርቀው፣ ወቅጠው ወንዙ ድረስ ያመጡት እነሱ ናቸው።

ስሰናበት እማማ ከዱቄቱ ጥቂት በጨርቅ ቋጠሩልኝ። በሩ ላይ ደግሞ እንደገና ጠሩኝ፦

«ከሽሮና ከበርበሬ ጋር እንዳታስቀምጪው! ልጅ እንዳይነካው ከፍ አድርገሽ ስቀይው።»