ዳቦውን የጎነተልኩበት ቀን

ባለፈው እሁድ አብሮ አደጌ ደውሎ «አሁንማ እንግሊዝኛው ውሃ ሆኖልሃል» አለኝ። ሳቄ መጣ። እስቲ ስለ አንዲት ቃል ብቻ ላውራችሁ። ፖክ።

ፖክ ማለት መጎንተል ነው፤ ፌስቡክ አስተምሮናል። ስንቱ ጠበሳውን በዚያች ቁልፍ ጀምሯል! እኔም እሷን ይዤ በዲቪ ቴነሲ ገባሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ኖክስቪል አጠገብ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ሰው የገዛውን ከረጢት ውስጥ መክተት ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ትኩስ ዳቦ ገዝተው የሆነ ነገር አሉኝ። ከንግግራቸው የገባችኝ ፖክ ብቻ ናት። ዳቦውን አየሁት። እሳቸውን አየኋቸው። ለስላሳ መሆኑን ላረጋግጥላቸው ፈልገው ይሆናል ብዬ በጣቴ ጎንተል አደረግኩት። ዝም አሉ። ያነሰ መስሎኝ ደገምኩላቸው። ካሸሯ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያ «ውሃ የሆነው» እንግሊዝኛዬ ላብ ሆኖ በጀርባዬ ወረደ።

ለካ በዚያ በተራራው አገር የድሮ ሰው ከረጢትን ፖክ ይላል። ስኮትላንድም ይሉታል። ቃሏ ከሰሜን ፈረንሳይ የመጣች ናት። ኪስ የሚሉበት «ፖኬት» የእሷ ልጅ ነው፤ ትንሿ ከረጢት እንደማለት። የመጎንተሏ ፖክ ግን በደችና በሰሜን ጀርመን በኩል ናት። ሞክሼ እንጂ ዘመድ አይደሉም።

ካሸሯ ስትታረቀኝ ደግሞ ሌላ ፖክ አመጣች፤ አያቷ የሚሠሩትን «ፖክ ሳላድ»። ቅጠሉ መርዝ ነው። ውሃው እየተደፋ ደጋግሞ ካልተቀቀለ አይበላም። ፎቶውን ስታሳየኝ ጮህኩ። እንዶድ! ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ ሲገድል ያዩት፣ የእሱ የሥጋ ዘመድ። ይህችኛዋ ፖክ ስሟን ያገኘችው ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ነው። እኛ በእንዶድ ነጠላ አጠብን፣ እነሱ የዘመዱን ቅጠል ቀቅለው ይበሉታል፤ ቁርጥ እንበላለን ስላቸው ግን ፊታቸውን የሚያጨማድዱት እነሱ ናቸው። (ሃዋይ ደግሞ ፖኬ የሚባል ጥሬ ዓሣ አለ። እሱን ተዉት።)

ለመምጣት የምታስቡ፣ ግራመሩን አጥኑ፤ ግን «የስ» ማለት ቀንሱ። እኛ መጠየቅን እንደ ነውር እናየዋለን። ያኔ «ምን አሉኝ?» ብል ኖሮ አለቃዬ ዳቦውን ባላስከፈለኝ።

ያን ባለ ሁለት ቀዳዳ ዳቦ ማታ ቤት ወስጄ በሽሮ በላሁት።