ቢዲኤንኤፍ ይጣበቃል፦ ኒውሮን ካልቸር ላይ እስካሁን የለመድኩት

ሰላም ሰላም የላብ ሰዎች፣ ሰሞኑን ውሎዬ ሁሉ ከቢዲኤንኤፍ (የነርቭ ሴሎች እንዲኖሩና እንዲያድጉ የሚረዳ የአንጎል ፕሮቲን) ጋር ስለሆነ እስካሁን የያዝኩትን ልጻፍላችሁ፣ በተለይ ኒውሮን፣ ማለትም የነርቭ ሴል፣ ላብ ውስጥ ማሳደግ ገና ለምትጀምሩ ይጠቅማል ብዬ ነው። የምጠቀመው ሪኮምቢናንት የሰው ቢዲኤንኤፍ ነው፣ የሰው ጂን ኢ ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ተከቶ የተመረተ ፕሮቲን ማለት ነው፣ የማሳድገው ደሞ የአይጥ ኮርቴክስ ኒውሮን። የሰው ለአይጥ ይሆናል ወይ የምትሉ ካላችሁ በደንብ ይሆናል፣ ምክንያቱም ተቆርጦ ያለቀለት (የበሰለው) ቢዲኤንኤፍ 119 አሚኖ አሲድ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ደሞ ሰው ላይም አይጥ ላይም አሳማ ላይም አንድ ነው።

አሳማን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ባርድ፣ ኤድጋርና ቶነን በፈረንጆቹ 1982 ይሄን ፕሮቲን ያጣሩት ከአሳማ አንጎል ነበር፣ ከ1.5 ኪሎ አንጎል ያገኙት 1 ማይክሮግራም አካባቢ ብቻ! ዛሬ ፍሪዘራችን ውስጥ ያለችው ትንሿ ቫያል 10 ማይክሮግራም ትይዛለች፣ በነሱ ጊዜ ቢሆን 15 ኪሎ አንጎል ይፈጅ ነበር ማለት ነው። ይሄን ካወቅኩ በኋላ እያንዳንዷን ጠብታ በክብር ነው የምይዛት።

ቫያሉ ሲመጣ ባዶ ይመስላል። ብርሃን ላይ አዙራችሁ ብታዩት እንኳን ከታች ስስ ነጭ ነገር ይታይ ይሆናል፣ ላይታይም ይችላል፣ ግን አለ፣ ስለዚህ ክዳኑን ሳትከፍቱ በፊት ሴንትሪፊውጅ ላይ ትንሽ አዙሩት፣ ክዳኑና ግድግዳው ላይ የቀረው ወደ ታች ይወርዳል። ከዛ አምራቹ በሚለው ፈሳሽ ማሟሟት ነው፣ ቮርቴክስ አታድርጉ፣ ዝም ብሎ ቀስ እያሉ ማገላበጥ ይበቃል። በ100 ማይክሮሊትር ካሟሟችሁት እያንዳንዱ ማይክሮሊትር 100 ናኖግራም ይይዛል፣ ለ10 ሚሊ ሊትር ሚድያ (ሴሉ የሚያድግበት ፈሳሽ) በሚሊ 20 ናኖግራም ከፈለጋችሁ 2 ማይክሮሊትር ብቻ ነው የምትጨምሩት።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ጋር ነው። ቢዲኤንኤፍ በጣም ቤዚክ ፕሮቲን ነው፣ በሚድያችን ፒኤች ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ፕላስቲክም ብርጭቆም ላይ ይጣበቃል፣ በናኖግራም ደረጃ ስትሰሩ ደሞ የተጣበቀችው ትንሽ ነገር ከጠቅላላው ብዙ ድርሻ ትወስዳለች። ማለትም ወረቀት ላይ ያሰላችሁት 20 ናኖግራም ሴሉ ጋ የሚደርሰው 20 ናኖግራም ላይሆን ይችላል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው 0.1 ፐርሰንት ቢኤስኤ (ከከብት ደም የሚገኝ አልቡሚን ፕሮቲን) የሚጨምረው፣ አልቡሚኑ ቀድሞ ግድግዳውን ይይዝለታል። ሎው ባይንድ ቲዩብ ከተገኘ በጣም አሪፍ ነው። ከዛ በትንንሹ ከፋፍሎ ማይነስ 80 ማስገባት፣ አንዴ የቀለጠውን መልሶ አለማቀዝቀዝ፣ ይሄን የማይደራደሩበት ህግ አድርጉት።

ሴሉ ጋ ደርሶ መስራቱን በምን እናውቃለን? ብዙ ሰው በህይወት የቀረ ሴል ቆጥሮ ሊያይ ይፈልጋል፣ እኔ አልመክርም። የኮርቴክስ ኒውሮን ኒውሮቤዛል የሚባለው ሚድያና ቢ27 የሚባለው ማሟያው ውስጥ ቢዲኤንኤፍ ሳይጨመርለትም ይኖራል፣ ስለዚህ ቆጠራው ብዙ አይነግራችሁም (ሲምፓቴቲክ ኒውሮንና የቢዲኤንኤፍ ዘመድ የሆነው ኤንጂኤፍ ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ እዛ ላይ ካልጨመራችሁ ይሞታል)። የኔ ምርጫ ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለይቶ በአንቲቦዲ የሚያሳይ ዘዴ) ነው፣ ሳምንት ያለፈው ካልቸር ላይ በሚሊ 50 ናኖግራም ለ15 ደቂቃ ሰጥቶ፣ ፎስፌቱ እንዳይነቀል በሚከለክል ፎስፋቴዝ ኢንሂቢተር ላይሲስ ሰርቶ (ሴሉን አፍርሶ)፣ ፎስፎ ትርክቢና ፎስፎ ኢአርኬ ማየት (ትርክቢ የቢዲኤንኤፍ ሪሴፕተር ነው፣ ኢአርኬ ከሱ ቀጥሎ ምልክቱን የሚያስተላልፍ ፕሮቲን፣ ፎስፎ ማለት ደሞ ፎስፌት ተጨምሮበት የነቃው)። ትርክቢው 140 ኪሎዳልተን አካባቢ ይወጣል፣ ኢአርኬ ደሞ 42 እና 44 ላይ ጥንድ ሆና ስትደምቅ በጣም ደስ ትላለች! ጎን ለጎን ቢኤስኤ ብቻ የተሰጠው አንድ ዌል፣ ትርክን የሚያግደው ኬ252ኤ ቀድሞ የተሰጠው ሌላ ዌል አስቀምጡ፣ ምልክቱ በኬ252ኤ ከጠፋ በትርክ በኩል እንደመጣ በደንብ ይታመናል። ሚድያችሁ ውስጥ ከበፊቱ ቢዲኤንኤፍ ካለ ግን ምላሹ ይደክማል፣ ሪሴፕተሩ ፕሮቲኑ ሳይቋረጥ ሲቆይበት ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ለዚህ ፈተና ሳይጨመርለት ያደገ ካልቸር ለዩ።

ስትገዙ ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ ፕሮ ቢዲኤንኤፍ የሚባል ሌላ ምርት አለ፣ እሱ ገና ያልተቆረጠው ነው፣ ፒ75 እና ሶርቲሊን የሚባሉ ሪሴፕተሮች ላይ ተጣብቆ ሴል እስከመግደል ይደርሳል፣ የምትፈልጉት የበሰለውን ከሆነ ስሙን በደንብ አንብቡ። ሁለተኛ ኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያ ግድግዳ መርዝ)፣ ፕሮቲኑ ከኢ ኮላይ የመጣ ስለሆነ ካልቸራችሁ ውስጥ ማይክሮግሊያ (የአንጎል መከላከያ ሴል) ካለ መጠኑ ያሳስባል፣ ሰርተፊኬቱ ላይ ይጻፋል። አዲስ አበባ ሆናችሁ ለማዘዝ የምታስቡ ደሞ የደረቀውን ፕሮቲን ያለ በረዶ የሚልኩ አምራቾች ስላሉ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ መንገድ ላይ ቢቆይ ከተሟሟው ይልቅ እሱ ይችላል።

ቀጥሎ የምሞክረው ማይክሮፍሉይዲክ ቻምበር (የሴል አካሉንና አክሰኑን በቀጫጭን ቻናሎች የሚለይ እቃ) ነው፣ ቢዲኤንኤፍ በአክሰን (የኒውሮኑ ረጅም ክር) በኩል ብቻ ሰጥቼ ምልክቱ ወደ ሴል አካሉ ሲጓዝ ማየት እፈልጋለሁ። አክሰኖቹ ቻናሉን በደንብ እንዲያቋርጡ ከስር ለመቀባት ፖሊ ዲ ላይሲን ብቻውን ይበቃል ወይስ ላሚኒን ይጨመር? የሞከራችሁ ካላችሁ ኮንሰንትሬሽኑን ጭምር ንገሩኝ።